ምጣድና ኮምፒውተር በአንድ ሶኬት

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ተማሪዎች የምንኖረው በቂርያት ጋት ነው። ከተማችንን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ኢንዱስትሪ ቀጠናዋ ሳይሰማ አይቀርም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በዚህ ቀጠና የኮምፒውተር ቺፕ ማምረቻ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በ2008 ደግሞ ሁለተኛ ጨምሯል። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ በቀጠናው ውስጥ ባሉ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በፈረቃ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ በጥበቃ፣ አንዳንዶቹ በጽዳት፣ አንዳንዶቹም በማሽን ላይ። የኮምፒውተር አእምሮ ከሚሠራበት ቦታ ይህን ያህል ቀርበን እየኖርን፣ በቤታችን ያለው ኮምፒውተር የተሰካበትን ገመድ ግን አጎንብሶ የሚያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኛም አላየንም ነበር። ያየነው ከክፍላችን ልጆች በአንዱ ቤት አንድ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው።

ጊዜው የስግድ በዓል ዋዜማ ነበር። እንደሚታወቀው በዋዜማው በየቤቱ እንጀራና ዳቦ ይጋገራል፤ በማግሥቱ ጾሙ ሲፈታ ቤተ ዘመድ ሁሉ ይመጣልና። የልጁ እናት የሌሊት ፈረቃ ስለነበረች የምትጋግረው አያቱ ነበረች። ቤታቸው በድሮ ሕንፃ ውስጥ ነው። ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የሚቀመጠው በሳሎኑ ጥግ ነው። በዚያ ጥግ ደግሞ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ባለብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ይገኛል። አዲስ አበባ ዲቫይደር ይሉታል፣ እኛ እዚህ መፋጼል የምንለው ነው። ምጣዱም፣ ኮምፒውተሩም፣ ብርድ ስለነበረ ትንሿ ማሞቂያም በዚያችው ማከፋፈያ ተሰክተው ነበር። ልጁ የቤት ሥራውን እየጻፈ ሳለ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። አያቱ ቀድማ ጭሱን አየችና «መብራቱን አጥፋው! መብራቱን አጥፋው!» ብላ ጮኸች። ልጁም ሮጦ የጣሪያውን አምፖል አጠፋ።

አሁን ስንተርከው ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀም። በጨለማ ውስጥ ማከፋፈያው እየጨሰ፣ አያቱ እየጮኸች፣ እሱ ደግሞ የታዘዘውን ፈጽሞ ቆሞ ነበር። ለእሷ መብራት ማለት ኤሌክትሪክ ሁሉ ነው። በኢትዮጵያ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት እንኳ በስሙ ውስጥ መብራትና ኃይል የሚል ነበረበት፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ይለዋል። እዚህ ለተወለደ ልጅ ግን መብራት ማለት አምፖል ነው። በመጨረሻ ጎረቤት ገብቶ በበሩ አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አወረደው። የተጎዳ ሰው የለም። ማከፋፈያው ግን አንድ ጎኑ ቀልጦ ቡናማ ሆኗል፣ የምንጣፉም ጠርዝ ተለብልቧል። በዚያው ምንጣፍ ላይ የልጁ ታናሽ እህት አዘውትራ ትተኛለች።

እኛን ያስገረመን ብሬከሩ አለመውረዱ ነው። «ጭነት ሲበዛ ራሱ ይወርዳል» ብለን ነበር የምናምነው። ምክንያቱን ያስረዳን ከክፍላችን ልጆች የአንዷ አባት ነው። እሱ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ ወደ ክፍላችን መጥቶ እንዲያስተምረን ጠየቅነው። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራው። የቀለጠውን ማከፋፈያ በእጁ ገልብጦ አየና መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጀርባው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር፤ «10 አምፔር»።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል። በእስራኤል የቤት ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። በየዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተጻፈውን ዋት ለ230 ስናካፍል ዕቃው የሚስበውን አምፔር እናገኛለን። የዚያ ቤት ምጣድ 2,800 ዋት ነበር፣ ይኸውም 12.2 አምፔር ያህል ነው። ማሞቂያው 1,000 ዋት፣ ማለትም 4.3 አምፔር። ኮምፒውተሩ ከነስክሪኑ 150 ዋት ቢሆን 0.7 አምፔር እንኳ አይሞላም። ድምሩ ወደ 17.2 አምፔር ይሆናል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሬከር 16 አምፔር ነው። ታዲያ ለምን አልወረደም? ጋሼ እንዳስረዳን ብሬከር ጭነቱ 16ን ጥቂት ሲያልፍ ወዲያው አይወርድም። እንዲያውም ብሬከሮች የሚሠሩበት ደንብ በ18 አምፔር ገደማ ለአንድ ሰዓት ሳይወርዱ እንዲቆዩ ያዛል፤ አለዚያ በጥቂቱም በብዙውም እየወረዱ ያስቸግሩ ነበር። ስለዚህ ብሬከሩ ጤነኛ ነበር። የሚጠብቀው ግን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ወፍራም ሽቦ እንጂ ከገበያ የተገዛውን ቀጭን ማከፋፈያ አይደለም። ማከፋፈያው 10 አምፔር እንዲችል ተሠርቶ 17 ተጫነበት። ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው የሚያድገው። 1.7 ጊዜ ተባዝቶ በራሱ 3 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ገመዱ ከተሠራለት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሞቃል። ምንጣፍ ሥር ሲሆን ሙቀቱ መውጫ የለውም። እንጀራ ጋገራ ደግሞ የአሥር ደቂቃ ሥራ አይደለም።

ከዚህ የተረዳነውን እንንገራችሁ። በቤታችን ኮምፒውተሩ ትንሽ በላተኛ ነው። ኮምፒውተር፣ ስክሪን፣ የኢንተርኔት ሳጥን፣ ድምፅ ማጉያና የጠረጴዛ መብራት ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 አምፔር አይበልጡም። ላፕቶፕማ ከ45 እስከ 90 ዋት ባለው ቻርጀር ይኖራል። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጥሩ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ምንም ጥፋት የለውም፤ ማከፋፈያውን ከሌላ ማከፋፈያ ላይ መቀጠል ግን ጥፋት ነው፤ ቀጥታ ከግድግዳው ይሰካ። አደጋ የሚመጣው በሙቀት የሚሠራ ዕቃ እዚያው ሲጨመር ነው፤ ምጣድ፣ ማሞቂያ፣ የውኃ ማፍያ ኩምኩም፣ የልብስ ካውያ፣ ፀጉር ማድረቂያ። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ብቻውን ከግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። ሌዘር ማተሚያም ከሚያሞቁት ወገን ነው፤ ወረቀት ሊያትም ሲል ለጥቂት ጊዜ እስከ 1,000 ዋት ሊደርስ ይችላል። የድሮ ሕንፃዎች ችግራቸው ይታወቃል። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1955 ስትመሠረት በአንድ ክፍል አንድ ሶኬት ይበቃል የተባለው ለሬዲዮና ለአምፖል ታስቦ ነው። ሶኬት አነሰ ብሎ ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ከመቀጠል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ አዲስ መስመር ማስገባት ይሻላል። ገንዘብ ያስወጣል፣ እናውቃለን። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ባለው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ሽቦ የመዘርጋት ሥራ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ የተተወ ነው፤ «የእህቴ ልጅ ይችላል» አይሠራም።

ማከፋፈያ ስንገዛ 16 አምፔር የሚል፣ የሽቦው ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የእስራኤል ደረጃዎች ተቋም ምልክት ያለበት መሆኑን እንይ። በጥቅልል የሚሸጠው ረጅም ገመድ ሲሠራ ሙሉ በሙሉ መተርተር አለበት፤ ተጠቅልሎ ሳለ ብዙ ኃይል ቢያልፍበት ውስጥ ውስጡን ይሞቃል። መሰኪያው ልል ሆኖ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይም ትዝ ትዝ የሚል ድምፅ ካለው፣ የዚያ ሶኬት ጊዜ አልቋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ነዛሪው ኮምፒውተር ነው። ከእኛ አንዷ በባዶ እግሯ ሆና የኮምፒውተሩን ብረት ስትነካ ጣቷን ውርር ያደርጋት ነበር። እናቷ «ተዪው ባክሽ፣ ላይሽ ላይ ያለው ሹራብ ነው» ትላት ነበር። ሹራቡ አልነበረም። በኮምፒውተር የኃይል ሳጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሁከትን የሚያጣሩ ክፍሎች አሉ፤ እነሱ ሥራቸውን ሲሠሩ ጥቂት ጅረት ወደ ብረቱ ይለቃሉ። የመሬት ሽቦው ካለ ያ ጅረት በዚያ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፣ ሰውም አይሰማውም። ሽቦው ከሌለ ብረቱ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይቆይና የሚነካውን ይነዝራል። ውርሩ በራሱ አይገድልም። የሚነግረን ነገር ግን አደገኛ ነው፤ ነገ ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላቀቅና ብረቱን ቢነካ፣ የምትነካው ልጅ እንጂ መሬቱ አይቀበለውም ማለት ነው። የዚያ ቤት ችግር ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው የድሮ ማራዘሚያ ነበር። በዕብራይስጥ ሀአራቃ የሚባለው ሦስተኛው ሽቦ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ በውስጡ አልነበረም። በሦስት ሽቦ ማራዘሚያ ሲተካ ውርሩ ቀረ።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት የሚመጡትን ዕቃዎች ማንሳት ይገባናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ምጣድ ብዙ ጊዜ መሰኪያው ሁለት ክብ ጣት ያለው፣ የመሬት መስመሩም በጎንና በጎን የሆነ ነው። የእስራኤል ሶኬት ግን ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ሦስተኛው የመሬት ነው። ያ መሰኪያ ተገፍቶ ቢገባም እንኳ የመሬት መስመሩ ከምንም ጋር አይገናኝም። ምጣዱ ይሠራል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል፤ ነገር ግን እርጥብ እጅ፣ ሊጥና ውኃ ባለበት ቦታ የመሬት መስመር የሌለው 3,000 ዋት ዕቃ ማለት ነው። መሰኪያው በሚገባ ሰው ይቀየር። የሸክላ ምጣድ ከሥሩ የተዘረጋው የሚግል ሽቦ ሲሆን፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ ሽቦው ሊጋለጥ ይችላል፤ የተሰነጠቀን ምጣድ በኑግ ወይም በጎመን ዘር አስሶ መቀጠል ለእንጀራው እንጂ ለሰው አይበጅም።

በመብራት ሳጥኑ ውስጥ ከብሬከሮቹ ሌላ አንድ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው ዕቃ አለ። በዕብራይስጥ ፓኻት ይባላል። ብዙ ሰው ፓኻትና ብሬከር አንድ ይመስሉታል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ብሬከር ሽቦን ከሙቀት ይጠብቃል፤ ፓኻት ሰውን ይጠብቃል። ወደ ቤት የገባውን ጅረትና የተመለሰውን እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር 3 መቶኛ ያህል ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሄዶ ይሆናል ብሎ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሁሉን ያጠፋል። ይሁን እንጂ የዚያን ሌሊቱን ማከፋፈያ ፓኻት ሊያድነው አይችልም ነበር፤ የገባው ጅረት ሁሉ ተመልሷልና። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው ሁለቱን ሽቦዎች በሁለት እጁ ቢይዝ ፓኻቱ እንደ አንድ ምጣድ ነው የሚቆጥረው። መሞከሪያ ቁልፉን በወር አንድ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ተጭኖ ካልወረደ ተበላሽቷል። ከመጫን በፊት ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ማጥፋት አይረሳ፤ ከእኛ አንዱ ረስቶ የታሪክ ሥራውን ሁለት ገጽ አጥቷል።

አጎቶቻችን ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደውሉ «ለኮምፒውተሩ ስታብላይዘር ግዙለት» ይሉናል። ምክራቸው በቦታው ትክክል ነው፤ እዚያ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ሄዶም ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል። እዚህ ቮልቱ በአብዛኛው የተረጋጋ ስለሆነ ስታብላይዘር አያስፈልግም። በክረምት ነጎድጓድ ሲሆን ግን ከሁሉ የሚሻለው ኮምፒውተሩንና የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳ መንቀል ነው። ከመብረቅ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠው ማከፋፈያም የመሬት መስመር ከሌለ ሥራውን በሚገባ አይሠራም። ዩፒኤስ የሚባለው ባለባትሪ ሳጥን ኃይል ሲቋረጥ ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ ማሞቂያም ሌዘር ማተሚያም አይሰካበትም። ስለ ቺፕ ፋብሪካ ስናነብ እንደተረዳነው ኃይሉ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ እንኳ ቢወርድ በሥራ ላይ ያለው ዕቃ ሊበላሽ ስለሚችል ለዚያ የሚሆን ትልልቅ መጠባበቂያ አላቸው። ለእኛ የቤት ሥራ ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሰንበት ነገርም አለ። ፕላታውና በሰዓት የሚሠራው ማብሪያ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ 25 ሰዓት ያህል ሳይነኩ ይቆያሉ፤ ማንም ሰው ሄዶ ገመዱን አይዳስስም። ስለዚህ ዓርብ ሻማ ከመብራቱ በፊት ማየት ያስፈልጋል፤ ፕላታው ብቻውን በግድግዳው ሶኬት ላይ መሆኑን፣ በሰዓቱ ላይ የተጻፈውም አምፔር ለፕላታው የሚበቃ መሆኑን። ጭስ ከታየ ግን ሰንበትም ቢሆን ማጥፋትና ስልክ መደወል የተፈቀደ ነው፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

ጭስ ሲታይ ምን እናድርግ? የቀለጠውን መሰኪያ በእጅ አንነካም፣ ውኃም አናፈስበትም። ወደ ሳጥኑ ሄደን ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ እናወርዳለን። እሳት ከተነሣ ሰዎችን አስወጥተን በሩን ዘግተን 102 እንደውላለን።

ጋሼ ከመሄዱ በፊት ከኪሱ አንድ ቀይ ቁልፍ አውጥቶ አሳየን። በፋብሪካ ማሽን ሊጠግን ሲል ኃይሉን ያጠፋና ማጥፊያው ላይ ይህንን የራሱን ቁልፍ ይቆልፋል፤ መክፈቻው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ሌላ ሰው፣ አለቃውም ቢሆን፣ ማሽኑን ሊያስነሣ አይችልም። «ቤት ውስጥስ?» ብለን ጠየቅነው። «ቤት ውስጥ መሰኪያውን ንቀሉና እዩት፤ ዓይናችሁ ካላየው አልጠፋም» አለን። የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍተን አቧራ ስናጸዳ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ገመዱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ መታየት አለበት። የኃይል ሳጥኑን ራሱን ግን ተነቅሎም ቢሆን አንፈታውም፤ ውስጡ ኃይል ይዞ የሚቆይ ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ በየቤታችን አንድ ሥራ ሠራን። ቀን ላይ፣ ማንም ሳይጋግር፣ አንዳችን በሳጥኑ አጠገብ ቆመን ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረድን፣ ሌላው የጠረጴዛ መብራት ይዞ ከሶኬት ሶኬት እየዞረ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ጻፍን። የማናውቀው ነገር ብዙ ነበር፤ በአንድ ቤት የኮምፒውተሩ ክፍልና የወጥ ቤቱ ሶኬት በአንድ ብሬከር ላይ ሆነው ተገኙ፣ በመካከላቸው ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ቤት ምጣዱ ሲጋገር ማሞቂያው እንዲጠፋ ተስማምተዋል።

በስግዱ ዋዜማ ማከፋፈያው በቀለጠበት ቤት ልጁ በእያንዳንዱ ብሬከር ሥር ወረቀት ለጠፈ። መጀመሪያ በዕብራይስጥ ጻፈው። አያቱ ግን ዕብራይስጥም አማርኛም አታነብም፤ በመንደሯ ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አትላክም ነበር። ስለዚህ ሥዕል ሣለላት፤ በአንዱ ምጣድ፣ በአንዱ ኮምፒውተር፣ በአንዱ አልጋ። ከሁሉ በላይ ባለው ዋናው ማጥፊያ ላይ ምን እንሣል ብሎ ጠየቃት። «ኩራዝ ሣልልኝ» አለችው።